ምዕራፍ 6፦ ጎባጣው ግንድ የት ይውላል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ ካርሜል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የካርሜል ቤቶች ለረጅም ዘመን የቤት ቁጥር አልነበራቸውም፤ የሚታወቁት በስማቸው ነበር። ከእነዚህ አንዷ «ሐንሰል» ትባላለች። አጠገቧ «ግሬትል» አለች። ስማቸው የተወሰደው በወንድማማቾቹ በግሪም ተረት ውስጥ ጫካ ገብተው መንገድ ከጠፋባቸው ወንድምና እኅት ነው።

ሐንሰልን በ1924 የሠራው ሂዩ ኮምስቶክ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠራውም ለሰው መኖሪያ ብሎ አልነበረም። ሚስቱ ማዮታ «ኦትሲ ቶትሲ» የተባሉ አሻንጉሊቶችን ከጨርቅ ትሰፋ ነበር፤ ገበያው ሲደራ አሻንጉሊቶቹ መኖሪያ ቤታቸውን አጣበቡት። ገዢ መጥቶ የሚያያቸው ቦታ አስፈለገ። ኮምስቶክ ሥነ ሕንፃ አልተማረም፤ ግን ሚስቱ ከምትሠራቸው አሻንጉሊቶች ጋር የሚሄድ ቤት ምን እንደሚመስል በዓይነ ኅሊናው ይታየው ነበር። ጣሪያው ሾጣጣ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ጭስ መውጫው እዚያው አካባቢ ከሚወጣ ድንጋይ የተካበ ሆነ። በግድግዳው እንጨት ላይ ጆንያ ወጠረ፤ በጆንያው ላይ የፓይን ቅጠል የተቀላቀለበት ልስን መረገ። የመስኮቱን ጠርዝ በሰንጢ ቀረጸ። ማዕዘኖቹን ውሃ ልክ እንዲያውቃቸው አልፈለገም።

አሻንጉሊት ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቤቱን ራሱን ወደዱት። «ለእኔም እንዲህ ያለ ሥራልኝ» የሚለው በዛና ኮምስቶክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካርሜል ላይ ከ20 በላይ ቤቶችን ሠራ። ዛሬ ከተማዋን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ካሜራውን መጀመሪያ የሚያነሣው ወደ እነዚህ ቤቶች ነው።

ኮምስቶክ ግን ብቻውን አልነበረም። ከሐንሰል ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1921፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃሪ ኦሊቨር የተባለ የፊልም ትዕይንት ንድፍ ባለሙያ ከልቨር ሲቲ ላይ ለአንድ ድምፅ አልባ ፊልም ስቱዲዮ ቢሮና የተዋንያን ልብስ መቀየሪያ ሠርቶ ነበር። ጣሪያው እንደ ጠንቋይ ቆብ የሾለ፣ መስኮቶቹ የተንጋደዱ ናቸው። ቤቱ በኋላ ወደ ቤቨርሊ ሂልስ ተወስዶ መኖሪያ ሆነ፤ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ «የጠንቋይዋ ቤት» ይለዋል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ1811 እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል አጠገብ፣ ጆን ናሽ የተባለው ታዋቂ አርክቴክት ለአንድ ባለጸጋ ጡረተኛ ሠራተኞች ዘጠኝ ጎጆዎችን በአንድ መስክ ዙሪያ ሠርቷል። ብሌዝ ሃምሌት ይባላል። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ ሌላውን አይመስልም።

እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ። ፎቶግራፋቸውን ስመለከት «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብዬ የመለስኩበት ምሽት ይመጣብኛል። ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በካርሜልም በቤቨርሊ ሂልስም ጉብጠቱ የተሰጠው ከላይ ነው። ከልስኑ ሥር ያለው እንጨት በመጋዝ የተሰነጠቀ፣ ቀጥ ያለ፣ ከእንጨት መሸጫ የመጣ ነው፤ ዕጥፋቱንና ማዕበሉን የሰጠው የሠሪው እጅ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በሌላው ዓይነት ላይ ነው፦ አጥንቱ ራሱ በጎበጠ ቤት ላይ፤ ቅርጹን ዛፉ ጫካ ውስጥ ቆሞ ሳለ ባወጣው ቤት ላይ።

የዚህን ነገር ፊደል ያስቆጠሩኝ አያቴ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አጥር ሲያድሱ አብሬያቸው እንጨት ልመርጥ እሄድ ነበር። እኔ ቀጥ ቀጥ ያለውን አነሣለሁ። እሳቸው ግን ከወይራው ሥር ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ቅርንጫፍ ከግንድ የሚገናኝበትን ቦታ ያያሉ። የሚፈልጉት ባላ ነው። «ይኼ የተሠራ ነው፤ እኔ ምን እሠራዋለሁ?» ይሉ ነበር። ባላው መሬት ውስጥ ይተከላል፤ አግዳሚው በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ይቀመጣል፤ ምስማር የለ፣ ገመድ የለ። ገበሬም ለእርፍ የሚሆን እንጨት ሲሻ ጉብጠቱን የሚመርጠው ከቆመው ዛፍ ላይ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት አምጥቶ ጠርቦ የሚያጎብጠው የለም፤ ቢያደርገውም የመጀመሪያው ድንጋይ ይሰብረዋል።

ለምን ይሰብረዋል? መልሱ በእንጨቱ ጭረት ውስጥ ነው። እንጨት እንደ አንድ እሽግ ገለባ ነው፤ ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄዱ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣብቀው የሠሩት። እሽጉ ቁመቱን ይዞ ሲጎተት ወይም ሲጫን ብርቱ ነው፤ ጎን ለጎን ግን በቀላሉ ይለያያል። የማገዶ እንጨት በቁመቱ በአንድ ምት የሚፈለጠው፣ በወርዱ ግን እጅ እስኪዝል የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ዛፍ ጎብጦ ሲያድግ ጭረቱም አብሮ ይጎብጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ጉብጠቱን ይከተላል። ከቀጥታ ጣውላ ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ጉብጥ ግን ጭረቱ መሃል ላይ ተበጥሷል። ሁለቱ በዓይን አንድ ይመስላሉ። ሸክም ሲመጣ ግን አንዱ ይይዛል፤ ሌላው በተበጠሰበት መስመር ተሰንጥቆ ይለያያል። ባላም እንዲሁ ነው፦ ቅርንጫፉና ግንዱ በሚገናኙበት ቦታ ጭረቶቹ እንደ ሽሩባ ተጠላልፈዋል፤ የትኛውም አናጢ የሚሠራው መጋጠሚያ ያን አይተካከልም። የጥንቱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ለመርከቡ ጎድን የሚሆን ጉብጥ የኦክ ዛፍ ፍለጋ በየእርሻው ዳር ይዞሩ ነበር።

አማርኛችን ይህን የረሳው አይመስለኝም። ጎጆ «ይቀለሳል» እንላለን። «ጎንበስ ቀለስ» ስንልም ያው ቃል ነው። ቤት መሥራትና ማጉበጥ በአንድ ግስ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጭራሮውን አጉብጠው ጫፉን ያሰሩ ሰዎች የተዉልን ቃል ነው።

በጎበጠ ግንድ ላይ የተመሠረተው አሠራር ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እነሱ «ክራክ» ይሉታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከሥሩ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ከወገቡ በላይ ወደ ውስጥ የሚጎብጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ትፈልጋለህ። ትቆርጠዋለህ። ከዚያ ግንዱን ከሥር እስከ ጫፍ በመሃሉ ለሁለት ትሰነጥቀውና እንደ መጽሐፍ ትከፍተዋለህ። ሁለቱ ግማሾች ከአንድ አካል ስለወጡ ጉብጠታቸው አንድ ነው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል። ሥራቸውን አራርቀህ፣ ጫፋቸውን አገናኝተህ ስታቆማቸው ግድግዳንና ጣሪያን በአንድነት የሚሸከም ቅስት ይሆናሉ። ከመሬት እስከ ጣሪያው ጫፍ አንድ እንጨት ነው። በመካከላቸው አንድ አግዳሚ ሲታሰር የላቲኑን «ኤ» ፊደል ይመስላል። እንዲህ ያሉ ሁለት ቅስቶች ካቆምክ አንድ ክፍል አለህ፤ ሦስት ካቆምክ ሁለት ክፍል። የጣሪያው ሸክም በቅስቶቹ በኩል በቀጥታ ወደ መሬት ስለሚወርድ ግድግዳው የሚሸከመው ነገር የለም። ከንፋስና ከብርድ መከለያ ብቻ ነው። በእነዚህ አሮጌ ቤቶች ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ጣሪያው ከቦታው ያልተነቃነቀው ለዚህ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ከ3 ሺህ የሚበልጡ የክራክ ሕንፃዎች ተመዝግበዋል። ከሁሉም ትልቁ በዉስተርሽር ያለው የሊ ኮርት ጎተራ ነው፤ በ1325 ገደማ ለፐርሾር ገዳም መነኮሳት የተሠራ። ውስጡ ገብቶ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በተገለበጠ ግዙፍ መርከብ ሆድ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። ግንዶቹ የተጠረቡት በመጥረቢያ ነው፤ የብረት ምስማር የላቸውም። ሰባት መቶ ዓመት።

ታዲያ የተረት መጻሕፍት ሠዓሊዎች እነዚያን ቤቶች ለምን እንደዚያ ሣሏቸው? እንደ እኔ እምነት ከአእምሯቸው አልፈጠሯቸውም፤ ከመንደራቸው ገለበጧቸው። የተንጋደደው በር፣ የረገበው ጣሪያ፣ ወደ መንገዱ የተደፋው ግድግዳ ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ቤት ደርቆ ሲቀመጥ የሚይዘው ቅርጽ ነው።

እርጥብ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው እንጨት ካልደረቀ አይሠራበትም ብሎ ያምናል። ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን እውነት ነው። ለቤት አጥንት ግን የጥንት አናጢዎች እንጨቱን የሚሠሩት በተቆረጠበት ሰሞን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርጥብ ኦክ በመሮ እንደ አይብ ይቆረጣል፣ የደረቀ ኦክ ግን መሮውን ያደንዛል። ማድረቁም ዕድሜ ይጠይቃል፤ የተለመደው ስሌት ለያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ወፍራም ምሰሶ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን የሚሠራው ለልጆቹ ነው።

ነገር ግን እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ የሚያጥረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ከምንም አይቆጠርም። ከቅርፊቱ ወደ መሃል ሲለካ ጥቂት ይቀጥናል። በዙሪያው ግን የዚያን እጥፍ ገደማ ይሸበሸባል። ዙሪያው ከመሃሉ ፈጥኖ ስለሚጠብ አንድ ቦታ መተርተር አለበት፤ በክብ ግንድ ላይ ከቅርፊት ወደ መሃል የሚገባው ሰንጥቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ ቤት ሠርተው በሁለተኛው በጋ «ምሰሶዬ ተሰነጠቀ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ሰንጥቁ ጭረቱን ተከትሎ በቁመት የሚሄድ እስከሆነ ድረስ እንጨቱ እየተነፈሰ ነው፤ ጥንካሬው አልተነካም።

ጥበቡ ይህን እንቅስቃሴ ወደ ጥቅም መለወጡ ላይ ነው። አንድ መጋጠሚያ ቀረብ ብለን እንመልከት።

ሁለት ክብ ግንዶች መሬት ላይ ተነባብረው ተኝተዋል። አንዱ ምሰሶ ሊሆን ነው፤ ሌላው አግዳሚ። ቅርፊታቸው በጸደይ ወራት ስለተላጠ ገላቸው ነጭና ለስላሳ ነው፤ በዚያ ወቅት ዛፉ ውስጥ ውሃ ስለሚወጣ ቅርፊቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላቀቃል፤ በብርድ ወራት ቢሆን በስለት መፋቅ ነበረበት። አንዱም ግንድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ እዚህ ጉብ፣ እዚያ ስርጉድ ይላል። ስለዚህ በሜትር መለካት አይጠቅምም። አናጢው ኮምፓስ የመሰለ፣ ባለ ሁለት ጣት መሣሪያ ያነሣል። አንዱን ጣት በታችኛው ግንድ ላይ ያስጠጋል፤ በሌላው ጣት ጫፍ እርሳስ አለ። ቀስ እያለ በታችኛው ግንድ ቅርጽ ላይ ሲነዳው እርሳሱ ያንኑ ጉብና ስርጉድ በላይኛው ግንድ ላይ ይሥላል። አንዱ ግንድ ለሌላው መልኩን ሰጠው ማለት ነው። ከዚያ በመጋዝና በመሮ መስመሩን ተከትሎ ይበረብራል። መጀመሪያ ሲያጋጥማቸው ብርሃን በመካከላቸው ያልፋል። ያነሣል፣ ትንሽ ይልጣል፣ ይመልሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ግንዱ ወደ ቦታው ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፤ ድፍን፣ አጭር፣ እንደ ተዘጋ ሣጥን ክዳን። በጆሮ ነው የሚታወቀው።

ከዚያ ምስማሩ ይመጣል፤ የእንጨት ምስማር። የአንዱ ግንድ ጫፍ ምላስ ሆኖ ተቀርጿል፤ ሌላው ላይ ምላሱን የሚውጥ ቀዳዳ ተቦርቡሯል። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፍ የምስማር ቀዳዳ መሰርሰር አለበት። እዚህ ላይ አናጢው አንድ የሚያስገርም ነገር ያደርጋል፦ ቀዳዳዎቹን ሆን ብሎ አያጋጥማቸውም። በምላሱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ምላሱ ሥር ጠጋ አድርጎ ይሰረስረዋል። ከደረቀ ኦክ ተፈልጦ የተላገ ምስማር ጫፉ ሾሎ በመዶሻ ሲገባ ቀዳዳዎቹን ለማስተካከል ሲታገል ምላሱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። መጋጠሚያው ይጨመቃል። ግንዶቹ ሲደርቁ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ምስማሩ ግን ቀድሞ ስለደረቀ አይጠብም። ዓመት በገፋ ቁጥር መያዣው ይጠነክራል እንጂ አይላላም። የብረት ምስማር ቢሆን ኖሮ የኦኩ አሲድ ይበላውና ዙሪያውን ያጠቁረው ነበር።

ይህ አሮጌ እውቀት በዘመናችን በአዲስ መልክ የተመለሰበት አንድ ቤት አለ። ቤን ሎው የሚባል ጫካ አልሚ ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ፣ በዌስት ሰሴክስ፣ ፕሪክሊ ነት ዉድ በተባለ ጫካ ከአሥር ዓመት በላይ በጊዜያዊ መጠለያ ኖረ። ኑሮው ቼስትነት የተባለውን ዛፍ ከሥሩ እየቆረጠ አጥርና ከሰል በመሥራት ነው። በመጨረሻ የቤት ፈቃድ ሲያገኝ የሠራው በክራክ ነው፤ ልዩነቱ የጥንቶቹ ግንዱን ሰንጥቀውና ጠርበው የሚጠቀሙትን እሱ ሳይሰነጥቅ፣ ክቡን እንዳለ መጠቀሙ ነው። ግንዶቹን ከዚያው ጫካ አወጣ። ክብ ግንድ ከዚያው ግንድ ከተሰነጠቀ ጣውላ ይበረታል፤ ጭረቱ በእያንዳንዱ የቅርንጫፍ ዓይን ዙሪያ ሳይቆረጥ ስለሚዞር ነው። ግድግዳው የታሰረ ጭድ፣ ልስኑ ኖራ፣ ጣሪያው ከግንድ የተፈለጠ የቼስትነት ክዳን ሆነ። ሥራው በ2003 «ግራንድ ዲዛይንስ» በተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀረበ፤ ያለቀውም በ28 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነው። በዚያ አገር በዚህ ገንዘብ የቤት ኩሽና ማደስ ይቻል እንደሆነ እንጂ ቤት አይታሰብም። ጉልበት የሰጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ከባዱን ቅስት ለማቆም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አልተፈለሰፈም።

ስለ ጣሪያ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ጎጆ ወራጆቹ ከዙሪያው ተነሥተው መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜም መሃሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶው የቤቱ ክብር ነው፤ ቦታ ግን ይይዛል። በ2005 ገደማ ዌልስ ውስጥ አንድ ወጣት አባት ከሚስቱ አባትና ከጓደኞቹ ጋር ኮረብታ ሥር ቆፍሮ ለቤተሰቡ በሠራው የታወቀ ክብ ቤት ግን መሃሉ ባዶ ነው። ዋና መሣሪያዎቹ የሞተር መጋዝ፣ መዶሻና መሮ ነበሩ፤ የፈጀው አራት ወርና 3 ሺህ ፓውንድ ያህል ነው። ምሰሶ የሌለው ጣሪያ እንዴት ቆመ? ሰዎች ክብ ሠርተው እያንዳንዱ እጁን ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ እንደሚያደርገው አስቡት። እያንዳንዱ ወራጅ አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ሌላው ጫፉ ከጎኑ ባለው ወራጅ ላይ። ያኛው በቀጣዩ ላይ፤ እንዲህ እያለ ይዞርና የመጨረሻው በመጀመሪያው ሥር ይገባል። የመጀመሪያውን ወራጅ ለጊዜው በባላ ደግፈው ያቆሙታል፤ ክቡ ሲዘጋ ባላውን ይነቅሉታል። ጣሪያው አንድ ጊዜ ረገብ ብሎ ይጠብቅና ይቆማል። መሃሉ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ለብርሃን ይሆናል። ውበቱ እንዳለ ሆኖ አደጋውም መነገር አለበት፦ አንዱ ወራጅ ቢሰበር ሁሉም ተያይዘው ይወድቃሉ። ስለዚህ በዚህ ጣሪያ ላይ ነቀዝ የገባበት እንጨት ማስገባት በነፍስ መጫወት ነው።

የእንጨት ቤት የሚሞተው ከላይና ከሥር ነው። በእንግሊዝ ዴቨን የሚባለው አካባቢ የጭቃ ቤት ሠሪዎች ቤት የሚፈልገው ጥሩ ጫማና ጥሩ ባርኔጣ ነው ይላሉ። ጫማው ድንጋይ ነው። ምሰሶ መሬት ውስጥ ሲቀበር የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት፣ ልክ ከአፈሩ ገጽ ላይ ነው፤ ጥልቅ የተቀበረው ጫፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይወጣል። እኛ አገር የተቃጠለ ዘይት የምንቀባው፣ ጥድ የምንመርጠው ለዚህ ነው። ምሰሶውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ግን ጉዳዩን ከሥሩ ይፈታዋል። ባርኔጣው ደግሞ ክፈፉ ነው፤ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ ይበል። የተረት ቤቶች ጣሪያቸው እስከ ዓይናቸው የተደፋ የሚመስለው ዝናቡን ከግድግዳ ስለሚያርቁ ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ በጋሞ ደጋ ያሉት ዶርዜዎች ለዚሁ ችግር ያገኙት መፍትሔ ከሰማኋቸው ሁሉ ይለያል። ቤታቸው ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የተሸመነ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። ረጅም አድርገው ይሠሩታል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል፤ ቤቱ ያን ያህል ያጥራል። እንዲህ እያጠረ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የተረት ቤት ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ግድግዳው ላይ የሚሠራውን ስሕተት በዓይኔ ስላየሁት አጠንክሬ እናገራለሁ። የጥንት እንግሊዞች በምሰሶዎቹ መካከል ቀጭን ጭራሮ ይሸምኑና ሸክላ አፈር፣ ጭድና እበት ለውሰው ይመርጉበታል። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማገርና ጭቃ ነው። የጤፍ ጭድ ተነስንሶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ተቀምጦ የበሰለ ጭቃ ምን እንደሚሸት የምናውቅ ብዙ ነን። ጭቃም ኖራም እርጥበት ሲመጣ ይስባል፤ ፀሐይ ሲመጣ ይመልሳል። ሲሚንቶ ግን እንዲህ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች በሲሚንቶ «ታደሱ»። በጠርዙ ስንጥቅ የገባ ውሃ መውጫ አጣ፤ መቶ ዓመታትን የተሻገረ ኦክ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከልስኑ ጀርባ በሰበሰ። የአያቴም ቤት ይህ ደርሶበታል። እንዲያምር ተብሎ የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ማገር በጣት ሲነካ ይፈርስ ነበር።

ይህን አንብቦ እጁ የበላው ሰው ከቤት አይጀምር። ከበር ይጀምር። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ አንድ ቅርንጫፍ ይፈልግ። የወይራ ቢሆን ደስ ይላል፤ የባሕር ዛፍም ይሆናል፤ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ እንደሚጣመምና እንደሚሰነጠቅ ይወቅ። ቅርንጫፉን በቁመቱ መሃል ለሁለት ይሰንጥቀውና ይክፈተው። ሁለቱን ግማሾች ፊት ለፊት አቁሞ ጫፋቸውን ያገናኝ። ዳዊት የደገመ ሰው የቤተ ክርስቲያን መስኮት ቅስት ያይበታል፤ ልጅ ደግሞ የተረት በር። ሁለቱም የክራክ ታናሽ ወንድሞች ናቸው። በዶሮ ቤት ላይ ወይም በአትክልት ቦታ መግቢያ ላይ ሠርቶ ሁለት ክረምት ያሳልፈው። የት እንደተሰነጠቀ፣ የት ውሃ እንደያዘ ያንብብ። የሚቀጥለውን ሥራ የሚያስተምረው ያ በር ነው።

ስለ ጫካው ልጨርስ፤ እንጨት ቆርጦ ቤት መሥራት ሲባል ብዙ አንባቢዬ ልቡ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። ደናችን የት እንደደረሰ የምናይ ሰዎች ነን፤ ቅሬታው ትክክል ነው። የሎው ቼስትነት ግን የሚቆረጠው ከጉቶው ነው እንጂ አይነቀልም። ባሕር ዛፋችን እንደሚያደርገው ሁሉ ከአንድ ጉቶ ብዙ ቁጥቋጦ ይወጣል፤ ጠንካሮቹ ይተዋሉ፤ በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት እንደገና ለመቆረጥ ይደርሳሉ። ሥሩ አይሞትም። አንዳንድ ጉቶ መቶ ዓመታትን አልፏል። ከጉቶ ጎን የሚወጣ ቁጥቋጦ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይዘነብልና ኋላ ቀና ይላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጉብጥ ነው። እንጨት ነጋዴ ያን ጉብጥ ቆርጦ ለማገዶ ይጥለዋል። ቤት ሠሪው ግን በብርድ ወራት፣ ቅጠል ረግፎ አጥንቱ ሲታይ፣ በጉቶዎቹ መካከል እየዞረ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፤ አንዱን ለቅስት፣ አንዱን ለበር፣ አንዱን ደግሞ ገና ቀጭን ስለሆነ ሌላ አምስት ዓመት እንዲቆይ ይተወዋል።